ጽናትና የእንግሊዝኛ ትምህርት፦ ከተሳቀብን ማግስት

“የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪ ሆኖ በአማርኛ መጻፍ ምን የሚሉት ነው?” ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ ሳቁን ለምጄዋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ጽሑፍ በተለይ እንዲያነቡልኝ የምፈልገው እንግሊዝኛ በተነሳ ቁጥር የኋላ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው የሚቀመጡ ተማሪዎች ናቸው። እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬሽማን ሳለሁ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ አንቀጽ ጮክ ብዬ እንዳነብ ተጠየቅኩ። አንቀጹ ስለ ደሴት ነበር። ደሴት በእንግሊዝኛ “አይላንድ” ይባላል፤ ሲጻፍ ግን መሀሉ ላይ የማትነበብ “ኤስ” አለችበት። እኔ ደግሞ የተጻፈ ሁሉ ይነበባል ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ የእኛ ፊደል እንደዚያ ነው ያስለመደኝ። “ኢስላንድ” ብዬ አነበብኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደህና ነበር። ቃሉ ግን በአንቀጹ ውስጥ አምስት ጊዜ ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ማታ ዶርም ስገባ “ደሴቱ” የሚል ቅጽል ስም ወጥቶልኝ ጠበቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል አልተነፈስኩም።

የሚገርመው ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ሰነፍ አልነበርኩም። ላይብረሪ እስኪዘጋ ድረስ ቁጭ ብዬ የግራመር መጽሐፍ እሸመድድ ነበር። “ጽናት ካለ የማይቻል ነገር የለም” ሲባል ሰምቼ ያደግኩ ነኝና ጸናሁ። ውጤቴ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ንግግሬማ ጭራሽ የለም። ታዲያ ያ ጽናት ካልነበረ ጽናት የሚባለው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚሞክር ነው።

1. ጽናት ስንል ምን ማለታችን ነው?

ስለ ጽናት በሳይንሳዊ መንገድ ከጻፉት መካከል ስሟ በሰፊው የሚነሳው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንጄላ ዳክዎርዝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2007 ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት ጽናትን በሁለት ከፍላ አየችው። አንደኛው በጥረት መዝለቅ፣ ሁለተኛው ደግሞ ፍላጎት ሳይቀያየር ለረጅም ጊዜ በአንድ ግብ ላይ መቆየት ነው። ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ ተወዳጅ ሆነ። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ማርከስ ክሬዴና ባልደረቦቹ ከ66 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ጽናት ከትምህርት ውጤት ጋር ያለው ግንኙነት ሲወራ የነበረውን ያህል ጠንካራ ሆኖ አላገኙትም።

“እንግዲያው ጽናት ዋጋ የለውም ማለት ነው?” እንዳትሉ። ከሁለቱ ክፍሎች የተሻለ ከውጤት ጋር የተያያዘው በጥረት መዝለቅ ሆኖ ተገኝቷል፤ የፍላጎት አለመቀያየር ግን ያን ያህል አልነበረም። ይሄ ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው። እንግሊዝኛን ሁልጊዜ መውደድ የለብንም ማለት ነው። አንዳንድ ቀን ብንጠላው፣ ብንሰለቸው፣ “ምን አገባኝ በሰው ቋንቋ” ብንል ምንም አይደለም። ዋናው በማግስቱ መመለሳችን ነው።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጽናት ስል ለብዙ ሰዓት መቀመጥ ማለቴ አይደለም። ከተረሳ በኋላ፣ ከተሳሳቱ በኋላ፣ ከተሳቀ በኋላ ተመልሶ መምጣት ማለቴ ነው። ሦስቱንም አንድ በአንድ እንያቸው። በቅድሚያ ግን ነገሩ ለምን እንደሚከብደን መረዳት ያስፈልጋል።

2. ለምን ይከብደናል?

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት ብዙዎቻችን የመጀመሪያ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋችን ተምረናል። እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ሲሰጠን ቆይቶ፣ እንደየክልሉ 7ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ስንደርስ ሌሎቹ ትምህርቶች በእሱ መሰጠት ጀመሩ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ጥፋት አይደለም፤ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሲማር ይገባዋል። የሚከብደው ሽግግሩ ነው። ትናንት የትምህርት ዓይነት የነበረው ቋንቋ ዛሬ ባዮሎጂውንም፣ ሒሳቡንም፣ ታሪኩንም ተሸክሞ ይመጣል።

በዚያ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ይራራቃሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አማርኛን ከአስቸጋሪ ቋንቋዎች ተርታ መድቦታል። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አማርኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ 44 ሳምንት ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ይል ነበር። ለስፓኒሽ ግን ከ600 እስከ 750 ሰዓት ይበቃል ይል ነበር። መንገዱ ከዚያ ወደዚህ 1,100 ሰዓት ከሆነ፣ ከዚህ ወደዚያም ቅርብ ሊሆን አይችልም። በቀን አንድ ሰዓት እያልን ብንሄድ 1,100 ሰዓት ሦስት ዓመት ይፈጃል። አንድ ሴሚስተር ለፍቶ “እኔ ለቋንቋ አልተፈጠርኩም” የሚል ተማሪ ካለ እንግዲህ ይህችን ስሌት ይስራ።

ርቀቱ በየዓረፍተ ነገሩ ይታያል። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ መሀል ይገባል። በአማርኛ “ስለ ጉዳዩ ተወያየን” እንላለን፤ ያንኑ ይዘን “ዲስከስድ አባውት” ስንል “አባውት” የምትለዋ ትርፍ ናት። “ምንም እንኳ ቢደክመው፣ ግን መጣ” ማለት ለእኛ ያለ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን “ኦልዞው” ካለ “በት” አይደግምም። የእኛ ግስ ደግሞ ለእሱ፣ ለእሷ፣ ለእነሱ፣ ለእርስዎ እየተቀያየረ ሲሄድ አንዴም አንሳሳትም። በእንግሊዝኛ “ሂ” ወይም “ሺ” ሲመጣ ግሱ ላይ የምትጨመረው አንዲት “ኤስ” ብቻ ናት፤ እሷን ግን እንረሳታለን። የእኔ ችግር እንግዲህ ድርብ ነበር፦ ማንበብ የሌለብኝን “ኤስ” አነባለሁ፣ መጨመር ያለብኝን “ኤስ” እተዋለሁ።

3. ከተረሳ በኋላ መመለስ

ጀርመናዊው ኸርማን ኢቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እየሸመደደ ምን ያህል እንደሚረሳ መዝግቧል። ያገኘው ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል። ሰው የሸመደደውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይረሳል፣ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ድግግሞሽን በተለያዩ ቀናት ከፋፍሎ ማድረግ ደግሞ በአንድ ቀን ከመደራረብ የበለጠ ይረዳል። የእኔ የላይብረሪ ልፋት ለምን እንደባከነ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። በአንድ ሌሊት 60 ቃል እሸመድድና በሳምንቱ አሥሩን እንኳ አላገኛቸውም። “ጭንቅላቴ አይዝም” እያልኩ ራሴን እረግም ነበር። ጭንቅላቴ እንደማንኛውም ሰው ጭንቅላት እየሠራ እንደነበር አላወቅኩም።

ቀጣዩ ጥያቄ “የትኞቹን ቃላት?” የሚል ነው። መዝገበ ቃላት ከ“ኤ” ጀምሮ መሸምደድ አያዋጣም። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ታዋቂ ዝርዝር 2,000 ያህል በብዛት የሚያገለግሉ ቃላትን የያዘ ነው። አቨሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእነዚያ ውጪ በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ 570 የቃል ቤተሰቦችን ለይታ አወጣች። የቃል ቤተሰብ ማለት አንድ ቃል ከእሱ ከሚረቡት ዘመዶቹ ጋር ነው። እሷ በመረመረቻቸው የትምህርት ጽሑፎች ውስጥ የዌስት ዝርዝር ሦስት አራተኛ ያህሉን፣ የእሷ 570ዎቹ ደግሞ ሌላ 10 በመቶ ያህሉን ይሸፍኑ ነበር።

እስቲ እናስላው። 570 በቀን አምስት አምስት ቢያዝ 114 ቀን ነው፤ አራት ወር አይሞላም። አንድ ሴሚስተር ማለት ነው! እኔ የያዝኩት ዘዴ ቀላል ነው። በኪስ በምትያዝ ደብተር በአንድ ገጽ አምስት ቃል እጽፋለሁ፤ ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን ያገኘሁበትን ዓረፍተ ነገርም ጭምር። ገጿን በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ትርጉሙን በእጄ ሸፍኜ እመለስባታለሁ። ካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜም ቢሆን ይበቃል። ያልያዝኩት ቃል ወደ አዲስ ገጽ ይሸጋገራል። አንዳንዱ ግትር ቃል አራት ገጽ ተሸጋግሯል። አባቶች “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ያሉት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

4. ከተሳሳቱ በኋላ መመለስ

መደጋገም ብቻውን ግን ወጥመድ አለበት። ላሪ ሴሊንከር እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ የሁለተኛ ቋንቋ ተማሪ የሚናገረው ቋንቋ የአፍ መፍቻውም ያልሆነ፣ ዒላማውም ያልሆነ፣ በመሀል ያለ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ መሆኑን አሳየ። በዚህ የመሀል ቋንቋ ውስጥ አንዳንድ ስህተቶች ደርቀው ይቀራሉ። ሰውየው ሃያ ዓመት ቢናገርም አይለቁትም። ይህ የሆነው ስላልጸና አይደለም፤ በስህተቱ ላይ ስለጸና ነው።

በሌላ በኩል መስማትና ማንበብ ብቻም አያደርስም። ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን አጥንታለች። ልጆቹ ለዓመታት ቋንቋውን እየሰሙ ስለኖሩ በመረዳት በኩል ጎበዞች ነበሩ። ሲናገሩና ሲጽፉ ግን ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ በግልጽ ያንሱ ነበር። እሷ ካቀረበቻቸው ምክንያቶች አንዱ ልጆቹ ራሳቸው የመናገር ዕድል በበቂ አለማግኘታቸው ነው። ሰው ሲናገር ነው የጎደለውን የሚያውቀው። ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ያልኩት እኔ እንግዲህ ጉድለቴን የማውቅበትን በር በገዛ እጄ ዘግቼ ነበር።

ለዚህ የረዳኝ ዘዴ በሳምንት አንድ ስህተት ብቻ ማሳደድ ነው። ሁሉንም በአንዴ ልረም ያለ ሰው ምላሱ ይታሰራል። እኔ የጀመርኩት በዚያችው በ“ኤስ” ነው። ስለ አንድ ጓደኛዬ የዕለት ውሎ ሁለት ደቂቃ በስልኬ ተናግሬ ቀዳሁ። መልሼ ስሰማው “ኤስ” የጎደለባቸው ግሶች 11 ነበሩ። የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፤ ቢሆንም ሌላ ሰው አይሰማውም። በአምስተኛው ሳምንት ሦስት ደረሰ። ዜሮ አልገባም፣ ዛሬም ስጣደፍ ታመልጠኛለች። ነገር ግን ስታመልጠኝ አሁን እሰማታለሁ፤ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው።

5. ከተሳቀ በኋላ መመለስ

ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ ይሄኛው ነው። ኢሌን ሆርዊትዝና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 የውጭ ቋንቋ ክፍል ውስጥ የሚሰማንን ፍርሃት ለመለካት 33 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት መጠይቅ አዘጋጅተዋል። እንደ እነሱ አገላለጽ ፍርሃቱ ከሦስት ነገሮች ጋር ይዛመዳል፦ ለመናገር ከመፍራት፣ ፈተናን ከመፍራትና ሰው ምን ይለኛል ከማለት። በሌላ ትምህርት የተዋጣለት ተማሪ ቋንቋ ክፍል ሲገባ ሊርበደበድ ይችላል። ምክንያቱም በውጭ ቋንቋ ሲናገር የሚያስበውን ያህል ብልህ መስሎ አይታይም። የበሰለ ሐሳብ ይዞ እንደ ሕፃን ይኮላተፋል። የሚያሳፍረውም ይሄ ነው።

ከዚህ ያወጣኝ መጽሐፍ አይደለም፣ የዶርም ጓደኛዬ ነው። ከሌላ ክልል የመጣ፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ ነው። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛው ከእኔ የባሰ ነበር፤ ይህን ስል አያዝንብኝም። ነገር ግን አንድ ልማድ ነበረው። ሲስቁበት አብሮ ይስቅና ወዲያው ወደ ሳቀው ሰው ዞሮ “እሺ፣ እንዴት ነው የሚባለው ታዲያ?” ይላል። የሳቀው ሰው ማስተማር ግድ ይሆንበታል። አንዳንዴማ እሱም ሳያውቀው ይገኝና ሁለቱም አብረው መዝገበ ቃላት ያያሉ። ልጁ በቀን አምስት ጊዜ ቢሳቅበት አምስት ነገር ተምሮ ይገባል። እኔ አንድ ጊዜ ተስቆብኝ አምስት ወር ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ፕረዘንቴሽን ሲያቀርብ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ጥሎኝ ሄዷል። ያን ቀን ቅናት ያዘኝ አልዋሽም፤ ማታ ግን “እንዴት ነው የሚባለው?” የሚለውን ጥያቄ ከእሱ ተበደርኩት።

በመጀመሪያ የጠየቅኩት የቱን እንደሆነ ትገምታላችሁ? “አይላንድ” የሚለው ቃል ውስጥ “ኤስ” ምን ትሠራለች ብዬ አንድ መምህሬን ቢሮ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። መልሱ አስገረመኝ። ቃሉ በድሮው እንግሊዝኛ “ኤስ” አልነበረበትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከሌላ ምንጭ ከመጣው “አይል” ከሚለው ቃል ጋር ተምታቶ ነው “ኤስ” የገባችበት። ለካስ የቋንቋው ባለቤቶችም ተሳስተው ነው! ያቺ አሳፋሪ “ኤስ” የራሳቸው የእንግሊዞቹ ስህተት ሆና አረፈችው። ከዚያ በኋላ በ“ደሴቱ” ስም መናደዴን ተውኩ።

6. መድረስ ማለት የት መድረስ ነው?

ብዙዎቻችን “እንግሊዝኛ ቻለ” የምንለው እንደ ፈረንጅ አፍንጫው ውስጥ የሚናገረውን ነው። ይሄ መለኪያ ያሳስታል። ጆሴፍ ኮንራድ እ.ኤ.አ. በ1857 የተወለደ ፖላንዳዊ ነው። ከእንግሊዝኛ ጋር በቅጡ የተዋወቀው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ በእንግሊዝ መርከቦች ላይ ሲቀጠር ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከታላላቆቹ ተርታ ተሰልፎም እስኪሞት ድረስ ሲናገር የፖላንድኛ ቅላጼው አልለቀቀውም ነበር። ብዕሩ ደርሷል፤ ምላሱ እንደ አገሩ ቀርቷል።

የራሳችንንም እናንሳ። አምቦ አካባቢ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን “ኦዳ ኦክ ኦራክል” የተሰኘውን ተውኔቱን በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትሟል፤ ሼክስፒርንም ወደ አማርኛ አምጥቶልናል። “አደፍርስ”ን የሰጠን ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 “ዘ ሰርቲንዝ ሰን” የተባለ ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ አውጥቷል። ሁለቱም እንግሊዝኛን ሲይዙ አማርኛን አልጣሉም። እንዲያውም በሁለቱም እጃቸው ጽፈዋል።

ሁላችንም ደራሲ እንሁን ማለቴ አይደለም። ስኬትን “ምን መሥራት ቻልኩ?” ብለን እንለካው ነው የምለው። ባለፈው ዓመት ያልገባኝን ምዕራፍ ዘንድሮ ያለ መዝገበ ቃላት አነበብኩ ወይ? ጥያቄዬን ለመምህሬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኩ ወይ? ማመልከቻዬን ሰው ሳያርምልኝ ጻፍኩ ወይ? እነዚህ በግሬድ ሪፖርት ላይ አይወጡም፤ ሰውየው ግን ያውቃቸዋል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው ጽናት ማለት በአንድ ቦታ ተቀምጦ መድረቅ አይደለም፤ መመላለስ ነው። ቃሉ ሲረሳ ወደ ደብተሯ መመለስ፣ ስህተቱ ሲደጋገም ወደ ድምፁ መመለስ፣ ሲሳቅብን ደግሞ “እንዴት ነው የሚባለው?” ብሎ ወደ ሳቀው ሰው መመለስ።

ይህ ሁሉ ግን በተማሪው ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። የክሬዴ ጥናት እንዳሳየን ጽናት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ጎበዝ ጓደኞቼ፣ በክፍል ውስጥ የምንስቃት ሳቅ ለእኛ የአንድ ደቂቃ መዝናኛ ናት፤ ለአንዱ ግን የአንድ ሴሚስተር ዝምታ ልትሆን ትችላለች። ዝምታውም አብሮት ሊመረቅ ይችላል። ነገ ይህ ልጅ መምህር ሆኖ ሲመደብ የሚያስተምራቸው ሕፃናት ያንኑ ዝምታ ይወርሳሉ። መስቅ ካልቀረ ስቀን ስናበቃ ትክክለኛውን እንንገረው። መምህሮቻችንንም በትሕትና የምንለምነው፣ የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ተማሪ መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንዲለማመድ፣ ከዚያ በኋላ ፊት እንዲወጣ ዕድል እንድትሰጡት ነው።

የኋላ ወንበር ላይ ላለኸው ወንድሜና ላለሽው እህቴ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ። እኔ አሁንም እሳሳታለሁ፣ አሁንም ይሳቃል። ባለፈው ሳምንት ፕረዘንቴሽን ላይ አንድ ቃል አበላሽቼ ክፍሉ ሲስቅ “እሺ፣ እንዴት ነው የሚባለው?” አልኩ። ሦስት ሰዎች ሦስት ዓይነት መልስ ሰጡኝ። መዝገበ ቃላት አየን፤ ሦስቱም ተሳስተዋል። እኔም። አራታችንም ያን ቃል ከእንግዲህ አንረሳውም።

በርቱ፣ ተመላለሱ! ቸር ይግጠመን።